በ«ጣልነው» እና በ«ወደቀብን» መካከል

ሐኪሙ ወንበራቸውን ወደ ታካሚዋ አስጠጉ፤ ሁለት እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ አንሥተው በቀጥታ እያዩዋቸው «ዊ ድሮፕት ዘ ቦል» አሉና ዝም አሉ። ዝምታው ለእኔ የተተወ ነበር። በአሜሪካ የሕክምና ተቋማት ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ዓመታት ተቈጥረዋል። የበሽታ ስም፣ የመድኃኒት መጠን፣ የቀዶ ሕክምና ስምምነት ሳሻግር እምብዛም የማይደናቀፈው አንደበቴ በዚያች ቅጽበት በአራት አጫጭር ቃላት ፊት ቆመ። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ በየሥራ ቦታው በየሳምንቱ እሰማቸዋለሁ። እንዳሉ ቢመለሱ «ኳሷን ጣልናት» ነው የሚሉት። ነገር ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ የደም ምርመራ ውጤታቸውን ሳይሰሙ ለቆዩ የ70 ዓመት እናት ኳስ መጣል ምን ማለት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የታካሚዋን ማንነት እንዳያሳይ ጥቂት ዝርዝር ለውጫለሁ፣ ፍሬ ነገሩ ግን እንደ ነበረ ነው። እማማ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የፀጉር መሳሳት አስቸግሯቸው ደም ሰጡ። የታይሮይድ ዕጢያቸው የሚያመነጨው ሆርሞን ማነሱን የሚያሳየው ውጤት በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ምርመራውን ያዘዙት ሐኪም ግን በዚያው ሳምንት ፈቃድ ወጥተው ነበር። የተኳቸው ሐኪም ውጤቱን አይተው ነርሷ ትደውላለች ብለው አለፉት፤ ነርሷ ጥሪው አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ ቀጠሮ የምትይዘው ሠራተኛ ታዘጋጀዋለች ብላ ጠበቀች፤ ሠራተኛዋ ደግሞ መልእክቱ ሲተላለፍላት ትሠራዋለች፣ እስከዚያ ግን የሚያገባት ነገር አልነበረም። ሦስቱም በየበኩላቸው ሥራቸውን የሠሩ መስሏቸው ነበር። እማማ በቤታቸው «ካልደወሉ ደኅና ብሆን ነው» ብለው ድካሙን ለእርጅና ሰጥተው ተቀመጡ።

የሙያችን ደንብ ግልጽ ነው። ሐኪሙ «እኔ» ሲሉ እኔም «እኔ» እላለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አልለውጥም። ፈሊጥ ሲመጣ ግን ቃሉን ትቶ ቁም ነገሩን ማሻገር የአስተርጓሚው ግዴታ ነው። እኔም ለጥቂት ሰከንድ ከቃላት ጋር ከታገልሁ በኋላ «እማማ፣ ውጤትዎን ልንነግርዎ ይገባን ነበር፤ ሳንነግርዎ ቀረን። ጥፋቱ የእኛ ነው» አልሁ። እማማ ከትከሻቸው የወረደውን ነጠላ መልሰው አጣፉና፣ ሐኪሙን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ «አደራውን በሉት ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ያች ጥያቄ ከዚያ ክፍል ወጥቼም አልለቀቀችኝም። አንድ ሕዝብ ለጥፋት የሰጠው ስም ስለ ጥፋት ያለውን አስተሳሰብ ይዞ ይሄዳል፤ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገርም የጥፋቱ ክብደት በመንገድ ላይ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ እንደ ላባ የቀለለው በአማርኛ እንደ ድንጋይ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ፈሊጡን ከመነሻው መርምሬ፣ በእኛ ቋንቋ የት ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ስለ ትርጉሙ። አሜሪካውያን ማንኛውንም ስሕተት «ኳስ መጣል» አይሉትም። ሒሳብ የተሳሳተ ሰው፣ መንገድ የጠፋበት ሰው፣ የማያውቀውን ነገር ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ኳስ አልጣለም። ፈሊጡ የሚነገረው አንድ ነገር በእጅህ ገብቶ ሳለ፣ ሌሎች በአንተ ተማምነው ዘወር ባሉበት ሰዓት፣ ማድረግ የሚገባህንና የምትችለውን ሳታደርግ ስትቀር ነው። ብዙውን ጊዜም የሚያመለክተው የተሠራን ክፉ ነገር ሳይሆን ሳይሠራ የቀረን ተገቢ ነገር ነው፤ ያልተደወለ ስልክ፣ ያልተላከ ደብዳቤ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ። በውስጡ ተንኮል የለም። ሰዎች በራሳቸው ላይ በቀላሉ የሚናገሩትም ለዚህ ነው፤ አንድ የቢሮ ባልደረባ ሳያፍር «ያንን ነገር የጣልሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንግሊዞች በበኩላቸው ጡብ መጣልን የሚያነሣ የራሳቸው ፈሊጥ አላቸው፤ እርሱ ግን በሰው መካከል አጉል ንግግር አምልጦ ማሳፈርን ነው የሚመለከተው፣ ስለዚህም የእኛው «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ጎረቤት ነው። የአሜሪካው ኳስ ከአፍ አይደለም የሚወድቀው፤ ከእጅ ነው።

እጅ የሚለው ነገር ደግሞ ወደ መነሻው ያደርሰናል። ለእኛ ኳስ የእግር ነው። በሰፈር ሜዳ በጨርቅ ኳስ ያደግን ሰዎች ኳስ ስናመክን፣ ስንስት፣ ስንነጠቅ ኖረናል፤ ኳስ ከእጁ ስትወድቅ የሚወቀሰው በረኛው ብቻ ነው። አሜሪካውያን አብዝተው ከወደዷቸው የኳስ ጨዋታዎች መካከል ቤዝቦልና የአሜሪካ ፉትቦል ሁለቱም በእጅ የሚጠለፉና በእጅ የሚያዙ ናቸው። በቤዝቦል ወደ ሰማይ የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ በጓንት ከተያዘች መቺው ይወጣል፤ ከወደቀች ጨዋታው ይቀጥላል። በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን ታቅፎ የሚሮጠው ሰው ከጣላት ተቃራኒው ቡድን ሊወስዳት ይችላል። ፈሊጡ የተወለደው ከዚህ ሜዳ ነው፤ የቢሮው እንግሊዝኛም ከዚያው ሜዳ ብዙ ቃል ለቅሟል። አንድን ሥራ ተረክቦ መምራት ኳስ መሸከም ነው፣ ሐሳብን መሰብሰብ ዓይንን ከኳሷ አለማንሣት ነው።

ቤዝቦል ከዚህም አልፎ ስሕተትን በይፋ የሚቈጥር ጨዋታ ነው። በውጤት ሰሌዳው ላይ ከተገኘው ነጥብና ከተሳካው ምት ቀጥሎ ሦስተኛው ዓምድ የስሕተት ነው። አንድ ኳስ ያዥ ኳስ ሲያመልጠው መዝጋቢው የሚጠይቀው ጥያቄ «በተራ ጥረት ልትያዝ ትችል ነበር ወይ?» የሚል ነው። ሮጦ፣ ተወርውሮ፣ በጣቱ ጫፍ ነክቷት ያመለጠችውን አይመዘግብበትም፤ ቆሞ ሲጠብቃት ከጓንቱ የወጣችውን ግን ይመዘግብበታል። ይህን ደንብ ሳነብ የፈሊጡ ትርጉም በአንድ ጊዜ በራልኝ። ኳስ ጣለ የሚባለው ከባድ ነገር ያቃተው ሰው አይደለም፣ ቀላሉ ያመለጠው ነው። ለእማማ ስልክ መደወል ከባድ አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ ኳስ በመጣሉ ከሁሉ ይልቅ ሲነሣ የኖረው ሰው ፍሬድ ስኖድግራስ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ኦክቶበር 16 ቀን 1912 በቦስተን ከተማ፣ በዚያው ዓመት በተከፈተው ፌንዌይ ፓርክ፣ የኒውዮርክ ጃያንትስና የቦስተን ሬድ ሶክስ የዓመቱን ዋንጫ የሚወስነውን የመጨረሻ ግጥሚያ ያካሂዱ ነበር። ዘጠኙ መደበኛ ዙሮች አንድ ለአንድ አለቁ። በአሥረኛው ዙር ኒውዮርክ አንድ ነጥብ አከለ፤ ቦስተን በተራው ምንም ካላገኘ ዋንጫው የኒውዮርክ ነው። የኒውዮርኩ ወርዋሪ በዘመኑ እጅግ የተከበረው ክሪስቲ ማቲውሰን ነበር። የቦስተኑ ክላይድ ኤንግል ኳሷን ወደ መሃል ሜዳ አጎናት። ስኖድግራስ ከሥሯ ቆሞ ጠበቃት፤ ኳሷ ከጓንቱ ገባች፣ ወጣችም። ኤንግል ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ደረሰ፤ በቤዝቦል ነጥብ የሚገኘው የመታው ሰው ሜዳው ላይ ያሉትን ሦስት ማረፊያዎች ዞሮ ወደ መነሻው ሲገባ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝግታ መናገር እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀጣዩ መቺ ሃሪ ሁፐር እጅግ ሩቅ የሆነ ምት መታ፤ ያው ስኖድግራስ ወደ ኋላ ሮጦ፣ ማንም ይይዛታል ብሎ ያልጠበቃትን ኳስ ያዛት። ማቲውሰን ቀጥሎ የመጣውን ስቲቭ የርክስን በአራት ስሕተት ውርወራ ያለ ምት ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሰደደው። ከዚያ ትሪስ ስፒከር መታ፤ ኳሷ ከመስመር ውጭ፣ በመጀመሪያው ማረፊያና በመቺው ሥፍራ መካከል፣ ቀጥ ብላ ወጣች። ለመያዝ ቀላል ነበረች። ወርዋሪው ማቲውሰን፣ ተቀባዩ ሜየርስ እና የመጀመሪያው ማረፊያ ጠባቂ መርክል ሦስቱም በአቅራቢያዋ ነበሩ፤ ሆኖም በሦስቱ መካከል መሬት ወደቀች። ዕድል የተሰጠው ስፒከር እንደገና መታ፣ ኤንግል ገባ፣ ሁለት ለሁለት ሆኑ። ጥቂት ቆይቶ ላሪ ጋርድነር በመታት ረጅም ኳስ የርክስ ገባና ቦስተን ሦስት ለሁለት አሸነፈ።

የዋንጫው ሽንፈት ግን የተለጠፈው በስኖድግራስ ላይ ነው። ስሕተቱ «የ30,000 ዶላሩ ጥፋት» ተባለ፤ ገንዘቡ አሸናፊው ቡድንና ተሸናፊው ቡድን በሚካፈሉት ድርሻ መካከል ያለው ልዩነት ነበር። አሠልጣኙ ጆን ማግሮ አልወቀሱትም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ደመወዙንም ጨመሩለት። ስኖድግራስ ከጨዋታ ከወጣ በኋላ በካሊፎርኒያ የባንክ ሰው ሆነ፣ የኦክስናርድ ከተማ ከንቲባ ሆኖም አገለገለ። ኤፕሪል 5 ቀን 1974 ሲያርፍ ኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው የሞት ዜና ርዕስ ላይ ግን የተጻፈው ስሙ፣ ዕድሜው፣ ማረፉና በ1912 ኳስ ማምለጧ ነው። ከ61 ዓመት በላይ አልፏል። ባንኩ የለም፣ ከንቲባነቱ የለም፣ ወዲያው ተከትላ የመጣችው ያች አስደናቂ አያያዝም የለችም።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሐዘን ይሰማኛል። ፈሊጡ በቢሮ ሲነገር ቀላል ነው፤ ኳስ ወደቀች፣ ጎንበስ ብለህ አንሣት የሚል ይመስላል። የፈሊጡ እናት የሆነው ሜዳ ግን እንደዚያ አልነበረም። በ1912 ኳሷ በመካከላቸው ከወደቀችባቸው ከሦስቱ አንዱ የሆነው ፍሬድ መርክልም ይህን ያውቅ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1908፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ ጨዋታው ያለቀ መስሎት ሁለተኛውን ማረፊያ ሳይነካ ዘወር በማለቱ የቡድኑ ድል ተሰርዞ፣ «አጥንት ራስ» የሚል ቅጽል ተለጥፎበት ኖሯል። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኧርነስት ባይነር አለ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1988 የክሊቭላንድ ቡድን በዴንቨር ሲጫወት፣ ባይነር በዚያ ግጥሚያ ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ ቡድኑን ከሽንፈት አፋፍ መልሶት ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ሲቀረው፣ አቻ ሊያደርጋቸው ወደሚችለው መስመር አንድ እርምጃ ያህል ሲቀረው፣ ኳሷን ከክንዱ ሥር አስለቀቁት። በክሊቭላንድ ያ ድርጊት ዛሬም የሚጠራው ያለ ባለቤት ስም፣ በደፈናው «መጣሉ» ተብሎ ነው። ባይነር ቆይቶ ወደ ዋሽንግተን መጣ፣ ብዙዎቻችን ወደምንኖርባት አካባቢ፤ በጃንዋሪ 1992 የሱፐር ቦውል ዋንጫ ሲያነሣ ከቡድኑ ነጥብ ካስቆጠሩት አንዱ ነበር። የዋሽንግተንን ነዋሪ ብትጠይቁት ይህንን ሊነግራችሁ ይችላል፤ የክሊቭላንዱን ሰው ብትጠይቁት ግን ያንን ነው የሚነግራችሁ።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፣ የእኔም ዋና ጭንቀት የነበረው እርሱ ነውና።

በአማርኛ አንድ ሕፃን ብርጭቆ ሲሰብር «ብርጭቆውን ሰበርሁት» አይልም፤ «ተሰበረብኝ» ነው የሚለው። ከእጁ ሲያመልጠው «ወደቀብኝ»፣ ሲጠፋው «ጠፋብኝ»፣ ሲረሳ ደግሞ ወተቱ «ገነፈለብኝ» ይላል። ይህች «ብኝ» የምትባል ትንሽ ቅጥያ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ድርጊቱን ከሰውየው ፈቃድ ትነጥልና ጉዳቱን ግን በእርሱ ላይ ታኖራለች፤ ነገሩ በራሱ ሆነ፣ የተጎዳሁት ግን እኔ ነኝ እንደ ማለት ነው። እናት የብርጭቆ ድምፅ ሰምታ ስትመጣ «ሰበርኸው?» ብላ ከጠየቀች ተቈጥታለች፤ «ተሰበረብህ?» ካለች ይቅር ብላለች። ይህን ልዩነት ማንም አስተማሪ አላስተማረንም፣ ሁላችንም ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

በሌላው ጫፍ «ጣለ» አለ። «ጣለ» በአማርኛ ከእጁ አመለጠው ማለት ብቻ አይደለም። ቆሻሻ ይጣላል፤ ልብስ አርጅቶ ይጣላል፤ ልጅ ተጣለ ሲባል ልብ ይደማል። በመጣል ውስጥ መናቅና መተው አለ። ስለዚህ ለእማማ «ጣልነው» ብል ኖሮ «ውጤትዎን አውቀን ወደ ጎን አልነው» ብዬ በሐኪሙ አፍ የማይገባ ነገር ባናገርሁ ነበር። «ወደቀብን» ብል ኖሮ ደግሞ ሌላ ጥፋት እፈጽም ነበር። «ውጤቱ ጠፋብን» የሚል ሐኪም ራሱን ከተጎጂዎች ጋር ያሰልፋል፤ ሰባት ሳምንት የደከሙት እማማ ሆነው ሳለ አዘኔታው ለክሊኒኩ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ባለቤቱ ሰውየው ነው፣ ኃላፊነቱን አይሸሽም፤ ሆኖም ተንኮል የለበትም፣ ልቡን አይከስስም። አማርኛ ይህንን ለመናገር አንድ ቃል ሳይሆን ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል፣ አንዱ ነገሩ ሳይሆን መቅረቱን የሚናገር፣ ሁለተኛው ጥፋቱን የሚወስድ። «ሳንነግርዎ ቀረን። ጥፋቱ የእኛ ነው።» በዚያች ደቂቃ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው፤ ለምን እንደ ወጣ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

እማማ ግን ሦስተኛ ቃል አመጡ፣ አደራን። አደራ በእኛ ዘንድ ከውል ይበልጣል። ሰው ገንዘቡን፣ ልጁን፣ ኑዛዜውን፣ አንዳንዴም ስሙን አደራ ይሰጣል፤ የተቀበለው ሰው ወረቀት ባይፈርምም ታስሯል። ይህን ያፈረሰ ሰው አደራውን «ጣለ» ወይም «ዘነጋ» አይባልም፤ «በላ» ነው የሚባለው፣ እርሱም «አደራ በላ» ይሆናል። መብላት ደግሞ ሳያውቁ የሚሆን ነገር አይደለም። ተቆርሶ፣ ተጎርሶ፣ ተውጦ ነው። የሚበላው ሰው ይጠቀማል፣ የተበላው ሰው ይጎድልበታል። ስለዚህ እማማ ሲጠይቁኝ የጠየቁት የቃል ትርጉም አልነበረም። እነዚህ ሰዎች እኔን የናቁኝ ናቸው ወይስ የተሳሳቱ? ብለው ነበር የጠየቁት። ቋንቋቸውን በማልናገርበት አገር፣ ስሜን በትክክል በማይጠሩበት ክፍል ውስጥ፣ ውጤቴ የተዘነጋው ሰው ሁሉ ስለሚዘነጋ ነው ወይስ እኔ ስለ ሆንሁ? ይህ ጥያቄ በስደት ላለ ሰው ሁሉ ቅርብ ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ ለራሴ ጠይቄዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ የመረጡት ፈሊጥ እንኳ የሆነውን በትክክል አይገልጽም ነበር። የእማማ ውጤት የስኖድግራስ ኳስ አልነበረም፤ ከአንድ ሰው ጓንት ገብቶ አልወጣም። የስፒከር ኳስ ነበር። ሦስት ሰዎች በአቅራቢያው ቆመው፣ እያንዳንዱ ሌላው ይይዛል ብሎ፣ በመካከላቸው ነው የወደቀው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሌላ ፈሊጥ አለው፣ ነገሩ በስንጥቆች መካከል ሾለከ ይባላል፤ ያ አባባል ግን የሚያነሣው ሰው የለውም፣ ጥፋቱን ለወለሉ ይሰጠዋል። ሐኪሙ «እኛ» ብለው፣ ያልነበሩበትንም ሳምንት ጨምረው፣ በራሳቸው ላይ መውሰዳቸውን ስለዚህ አከብራለሁ። ስንጥቁን መወንጀል ይችሉ ነበር።

በሕክምና ዓለም ይህ ጉዳይ የተጠና ነው። ሐኪም ከሐኪም ታካሚ የሚረከብበትን ሂደት እንግሊዝኛው የሚጠራበት ቃል አንድ ተጫዋች ኳሷን በጓደኛው እጅ ከሚያኖርበት ከአሜሪካ ፉትቦል ድርጊት ጋር አንድ ነው፤ እኛ በመሥሪያ ቤት «ርክክብ» የምንለው ነው። በ2014 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በ9 ሆስፒታሎች፣ 10,740 ሕሙማን ተኝተው በታከሙባቸው ጊዜያት፣ የሕፃናት ሕክምና ተለማማጅ ሐኪሞች ርክክባቸውን አይ-ፓስ በተባለ ሥርዓት ሲያደርጉ ምን እንደሚለወጥ መረመረ። የሕክምና ስሕተቶች በ23 በመቶ ቀነሱ፤ መከላከል ይቻሉ የነበሩ ጉዳቶችም በ30 በመቶ። ሥርዓቱ የተወሳሰበ መሣሪያ የለውም። የሕመሙ ክብደት፣ የታካሚው አጭር ታሪክ፣ ገና የሚሠራው ሥራ ዝርዝር፣ ሊመጣ የሚችለው ነገርና ያን ጊዜ የሚደረገው ይነገራል፤ በመጨረሻም ተረካቢው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል። ይህች የመጨረሻዋ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ትማርከኛለች። ኳስ ያዥ «የእኔ ናት!» ብሎ እንደሚጮኸው ናት። በ1912 ከሦስቱ አንዱ በጊዜው እንዲህ ብሎ፣ ሁለቱም ሰምተውት ዘወር ቢሉ ኖሮ፣ ስኖድግራስን ዛሬ የሚያነሣው ላይኖር ይችል ነበር።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። እማማ «አደራውን በሉት ማለት ነው?» ሲሉኝ እኔ መመለስ አልችልም ነበር፤ ደንቡ ጥያቄውን ለሐኪሙ ማሻገር ነው። አሁን ደግሞ ተራው የእንግሊዝኛ ሆነ፣ ለአደራ የሚሆን አንድ ቃል የለውምና። ለሐኪሙ በመጀመሪያ ጥያቄውን፣ ቀጥሎም አስተርጓሚው ማብራሪያ እንደሚጨምር ተናግሬ፣ አደራ ያለ ጽሑፍ በእምነት የሚሰጥ ነገር መሆኑን፣ መብላቱም ለራስ ጥቅም ሲባል እምነትን ማፍረስ መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኋቸው። ሐኪሙ ወዲያው አልመለሱም። የለበሱትን ነጭ ጋዋን ጫፍ ይዘው ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «አይደለም፤ ግን ለምን እንደ ጠየቁኝ ይገባኛል። እርስዎ የሰጡን ነገር ነበር፤ ሦስት ሰዎች እርስ በርሳችን ስንጠባበቅ በመካከላችን ወደቀ። ማናችንም አልፈለግነውም፣ ማናችንም ግን አላነሣነውም።» ይህንን ወደ አማርኛ ስመልሰው አንድም ቃል አልቸገረኝም። የኳሱ ፈሊጥ ሲወልቅ ነገሩ በራሱ ቋንቋ ቆመ።

እማማ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» አሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዘዙ፤ በየማለዳው በባዶ ሆድ በውሃ እንዲወስዱት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደም እንዲሰጡ፣ ውጤቱ በመጣ ማግስት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው እንደሚደውሉ ነገሯቸው። ቀጥለውም የተነገሯቸውን መልሰው እንዲነግሯቸው ጠየቋቸው። እማማ ጣታቸውን እያጠፉ ቈጠሩ፦ «በባዶ ሆድ። በውሃ። ስድስት ሳምንት። ሐሙስ እርስዎ ይደውላሉ።» ሐኪሙ «ሐሙስ እኔ እደውላለሁ» ብለው ደገሙት።

ስድስት ሳምንት አልፎ፣ የዚያ ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የአስተርጓሚዎች መስመር እኔ ጋ ጠራ። ሐኪሙ ነበሩ። የእማማን ቁጥር ደወልንና ሁለታችንም በመስመሩ ላይ ሆነን ጠበቅን። በሁለተኛው ጥሪ አነሡት፤ ገና ስማችንን ሳንናገር «አቤት፣ እየጠበቅሁ ነው» አሉ።